የጥቅምት 3ቱ ሽንፈትና የዕድራችን ድንኳን ነገር

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ሰፈራችን አመሠራረት፣ ስለ ዕድራችን ንብረት፣ ስለ ቀድሞ ዳኞቻችንና ጸሐፊዎቻችን ብዙ ተጽፏል። ስለ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ማንም ብዕሩን አላነሣም። ይኸውም እሑድ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በአዲስ አበባ ስታዲየም በናይጄሪያ 2 ለ 1 ስለ ተሸነፈበት ዕለትና በዚያው ሰበብ በአባሎቻችን መካከል ስለ ተነሣው ቅያሜ ነው። ዝም የተባለው ነገሩ ተረስቶ ሳይሆን ሲነሣ ስለሚያሳፍረን ይመስለናል። ዛሬ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በዚያን ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ልጆቻችንም ወሬውን በቁርጥራጭ እየሰሙ ይጠይቁናል። ስለዚህ የሆነውን እንደሆነ አድርጎ ማስቀመጡ ይጠቅማል ብለን ይህን ጽፈናል።

በመጀመሪያ ጨዋታው ተራ ጨዋታ እንዳልነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። በሰኔ 2006 ዓ.ም. በብራዚል ለሚጀመረው የዓለም ዋንጫ ከአፍሪካ 10 አገሮች ለመጨረሻው ማጣሪያ ደርሰው ነበር። እነዚህ 10 አገሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው በየሜዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ይጋጠሙና 5ቱ አሸናፊዎች ወደ ብራዚል ይሄዳሉ። ከ10ሩ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በዓለም ዋንጫ አንድ ጊዜ እንኳ ተሰልፋ የማታውቀው አገራችን ከብራዚል የሚለያት የ180 ደቂቃ ጨዋታ ብቻ ሆኖ ነበር።

ይህም የሆነው ከረጅም ድርቅ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር ወዲህ ለ31 ዓመታት የአፍሪካን ዋንጫ መድረክ አልረገጠችም ነበር። ከሱዳን ጋር በተደረገው ማጣሪያ ኦምዱርማን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን መጥተን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፍን። በድምሩ 5 ለ 5 ሆነን ሳለ ያለፍነው በሰው ሜዳ ባገባናቸው 3 ጎሎች ነው። አንባቢ ይህን ነገር ልብ ይበልልን፤ በሰው ሜዳ የገባ ጎል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ያን ዕለት ጠቅሞን ነው የተማርነው፤ በዓመቱ ደግሞ ጎድቶን ተማርነው። በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ በተደረገው ውድድር ከዋንጫው ባለቤት ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ተለያይተን፣ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ ደግሞ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምቶች 2 ለ 0 ተሸንፈን ተመለስን። ናይጄሪያ ያን ዋንጫ በልታ ወጣች። እንግዲህ በጥቅምት 2006 የመጣብን እንግዳ ሰው አልነበረም፤ የምናውቀው፣ ያውም የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበር።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። ለዓለም ዋንጫው በተደረገው የምድብ ማጣሪያ ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1 ስናሸንፍ ምድቡን ያለፍን መስሎን ከተማው በሙሉ በጭፈራ አደረ። መጀመሪያ ያገባብን የደቡብ አፍሪካው ፓርከር ነበር፤ ጌታነህ ከበደ አቻ አደረገን፤ በኋላ ያው ፓርከር ኳሷን በራሱ መረብ ላይ አገባልን። ሰው «እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው» እያለ በየመንገዱ ተቃቀፈ። ታዲያ ጭፈራው ሳይበርድ በዚያው ዕለት ሌላ ወሬ መጣ። ለካስ ሰኔ 1 ቀን ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 ስናሸንፍ፣ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበትና ያን ቀን ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ኖሯል። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ያሸነፍነው ጨዋታ 3 ለ 0 እንደ ተሸነፍን ተቆጥሮ 3 ነጥብ ተወሰደብን። ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ድረስ ሄደን መካከለኛው አፍሪካን 2 ለ 1 ባናሸንፍ ኖሮ ያ ሁሉ ድካም በአንድ መዝገብ ጉድለት ውሃ በልቶት ነበር። ተመስገን፣ አሸንፈን በ13 ነጥብ ምድቡን መራን፤ ደቡብ አፍሪካ በ11 ነጥብ ቀረች።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። የናይጄሪያው ጨዋታ ሲቃረብ ከእኛ መካከል ወጣቶቹ አንድ ሐሳብ አመጡ። ሁሉም ሰው ትኬት ስለማያገኝ የዕድሩ ድንኳን ሜዳው ላይ ተተክሎ፣ አግዳሚዎቹ ወጥተው፣ ቴሌቪዥን ተቀምጦ ሕዝቡ በአንድነት ይመልከት የሚል ነበር። መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር እንከራያለን፤ ኪራዩንም እናዋጣለን አሉ። አንዱማ የጥሩምባ ነፊያችንን ጥሩምባ ይዘን ስታዲየም እንግባ ብሎ ነበር፤ ይሄኛው እንኳ በሳቅ ውድቅ ሆነ። የድንኳኑ ጉዳይ ግን በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ረጅም ክርክር አስነሣ። የተቃወሙት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ነበሩ። «የለቅሶ ድንኳን ለጨዋታ አይተከልም» አሉ። ወጣቶቹም «ታዲያ ለሠርግ እናከራየው የለም ወይ?» ብለው መለሱ። ጋሼም «ሠርጉ የተቆረጠ ነገር ነው፤ ሙሽራዋ ታውቃለች፤ የኳስ ሙሽራ ግን አትታወቅም» ብለው ተቀመጡ። ድምፅ ተሰጠና ይተከል የሚለው በብዙ ድምፅ አለፈ። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር፤ ይህን የምንጽፈው አብዛኞቻችን ይተከል ካሉት ወገን ነበርን።

ከእኛ መካከል ጥቂቶች ቅዳሜ ማታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስታዲየሙ ዙሪያ ተሰልፈው አደሩ። ሰፈራችን ከስታዲየሙ ሩቅ ባለመሆኑ እናቶች ሌሊት ሻይና አምባሻ እያመላለሱ ሰልፈኛውን ሲያበሉ አደሩ፤ የማያውቁትንም ሰው ጭምር። በነጋታው የገቡት ካታንጋ ገቡ፤ ያልቀናቸው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ድንኳኑ ውስጥ ከፊት ሕፃናት፣ ቀጥሎ አረጋውያን፣ ከኋላ ቆሞ የሚያይ ጎልማሳ ነበር። ቡና ይፈላል፤ ቆሎ ይዞራል፤ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ያልለበሰ ልጅ አልነበረም። ጋሼ ብቻ አልመጡም።

ጨዋታው ተጀመረ። ልጆቻችን ኳሷን መሬት ላይ አድርገው እየተቀባበሉ ናይጄሪያን በሜዳችን አስጨነቋት። ከአውሮፓ ታላላቅ ክለቦች የመጡት ተጫዋቾች ትንፋሽ ሲያጥራቸው አየን። በአንደኛው አጋማሽ አንዲት ኳስ ከናይጄሪያ ጎል አፍ ላይ ተመልሳለች፤ እስከ ዛሬ ድረስ በሰፈራችን «መስመሩን አልፋ ነበር» ብሎ የሚምል አይጠፋም። ያለ ጎል ዕረፍት ወጡ። በ57ኛው ደቂቃ ላይ በኃይሉ አሰፋ ከጎን የላካት ኳስ በታላቁ በረኛ በኤንየማ ላይ አልፋ ጎል ሆነች። የዚያን ጊዜ የሆነውን በጽሑፍ ማስረዳት ያዳግታል። ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ተሰበረ፤ የቡና ረከቦት ተገለበጠ፤ ለዓመታት ያልተነጋገሩ ሁለት ጎረቤታሞች ተቃቅፈው ተገኙ። ካታንጋ የነበሩትም «መሬቱ ተንቀጠቀጠ» ብለው ነግረውናል።

ደስታችን የቆየው 10 ደቂቃ ብቻ ነው። በ67ኛው ደቂቃ ኤመኒኬ የሚባለው ጠንካራ አጥቂ ኳሷን ይዞ ገብቶ አቻ አደረጋቸው። ቢሆንም 1 ለ 1 ቢያልቅ እንኳ ተስፋ ነበረን። በኋላ ሰዓቱ አለቀ አላለቀም ስንል፣ በ90ኛው ደቂቃ፣ ተከላካያችን ያንኑ አጥቂ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ጣለው ተብሎ የቀድሞ ሰዎች ሪጎሬ የሚሉት ተሰጠ። ኤመኒኬ ራሱ መትቶ አገባ። 2 ለ 1።

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ያ ድንኳን ብዙ ጸጥታ ያየ ድንኳን ነው፤ ይኼኛው ግን የተለየ ነበር፤ ምክንያቱም የሚያጽናና አልነበረም። በለቅሶ ቤት ሐዘንተኛና አጽናኝ ይለያያሉ። እዚህ ግን ሁሉም ሐዘንተኛ ሆነ። አጽናኝ የሌለበት ሐዘን ደግሞ ወዲያው ወደ ጠብ ይለወጣል። «ዳኛው ነው» ያለ አለ፤ «ተከላካዩ ነው፣ ምን አነካካው!» ያለ አለ፤ «አሠልጣኙ ቀያሪ አያውቅም» ያለ አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ከወጣቶቹ አንዱ «ሟርት ነው! ጋሼ አሟርተውብን ነው!» ብሎ ጮኸ። ነገሩ በዚያ አላበቃም። ማታ ሲያልፉ በደጃቸው ቆመው ያንኑ ቃል የደገሙ ነበሩ። እኛ ሽማግሌ ነን የምንለውም ሰምተን እንዳልሰማን ሆነን ወደየቤታችን ገባን። የሚያሳፍረን ይኸው ነው።

ጋሼ በማግሥቱ ከቤት አልወጡም። ማክሰኞም ጧት እንዲሁ። ነገሩ የከነከናቸው እናቶች ናቸው። «ሰው ሲሞት በሣልስቱ ትጠያየቃላችሁ፤ በቁሙ ላስቀየማችሁትስ ማን ይሂድ?» አሉን። ማክሰኞ ማታ የዕድሩ ዳኛና ጸሐፊው፣ ከእኛም አምስት ስድስት ሰዎች፣ ያንን የተሳደበውን ልጅ ጭምር ይዘን ቡናና ዳቦ አስይዘን ሄድን። ልጁ ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ ጋሼ ቀና አድርገው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ነው ፈጽሞ ሰምተንላቸው የማናውቀውን ታሪክ ያወሩን።

በጥር 1954 ዓ.ም. በዚያው ስታዲየም ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ስትቀርብ፣ ጥር 13 ቀን ከተባበረው ዓረብ ሪፐብሊክ ማለት ከግብፅ ጋር ገጠመች። ሁለት ጊዜ ተመርተን ሁለት ጊዜ አቻ ሆነን፣ በተጨማሪው ሰዓት በኢታሎ ቫሳሎና በመንግሥቱ ወርቁ ጎሎች 4 ለ 2 አሸነፍን። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይህን ሁላችንም ስንሰማ ያደግነው ነው፤ አባቶቻችን ደጋግመው ነግረውናል።

ያልነገሩን ሌላውን ነው። በ1960 ዓ.ም. በጥምቀት ሰሞን ውድድሩ እንደገና በአገራችን ሲደረግ፣ አዲስ አበባ ላይ ኡጋንዳን 2 ለ 1፣ አይቮሪ ኮስትን 1 ለ 0፣ አልጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፈን ምድቡን በሙሉ ድል ጨረስን። «ዋንጫውን ሳንበላው በልተነው ነበር» አሉ ጋሼ። እሳቸውና ጓደኞቻቸው ለድሉ ቀን በግ ገዝተው አሥረው ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በተጨማሪው ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈችን። ለሦስተኛ ደረጃ በተደረገው ጨዋታ ደግሞ በምድቡ ያሸነፍናት አይቮሪ ኮስት 1 ለ 0 ረታችን። ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። «በጉንስ ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ልጁ ቢጠይቃቸው «አኩርፈን ሳንበላው ሸጥነው፤ በኪሳራ» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የተሳቀው።

በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ አስተናጋጅ ሆንን። ኡጋንዳን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ያን ጊዜ ማሸነፍ 2 ነጥብ ነበርና ጊኒ 5፣ ግብፅ 4፣ እኛ 3 ነጥብ ይዘን ከምድቡ ሳናልፍ ቀረን። በሜዳችን፣ በሕዝባችን ፊት፣ በዚያው 2 ለ 1። «እንግዲህ ድንኳኑን የከለከልኩት ሟርት ፈርቼ አይደለም» አሉ ጋሼ። «ሰው ከጨዋታው በፊት ድል ካደረገ፣ ሲሸነፍ የተነጠቀ ይመስለዋል። የተነጠቀ ሰው ደግሞ ሌባ ይፈልጋል። ሌባ ሲያጣ ጎረቤቱን ይይዛል።»

ይህ ንግግር ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከልባችን አልወጣም። ነገሩን ስናመዛዝነው እውነት ሆኖ አገኘነው። የጥቅምት 3ቱ ሽንፈት በአንድ ሰው ምክንያት የመጣ አልነበረም። ተከላካዩ 89 ደቂቃ ሙሉ ከአፍሪካ ኃይለኛ አጥቂዎች ጋር ሲታገል ቆይቶ ነው በመጨረሻዋ ደቂቃ የተሳሳተው። ከዚያ በፊት ያን ያህል በልጠን ስንጫወት ጎሉን አንድ ብቻ ያደረግነው ሁላችንም ነን፤ ቡድኑ በሜዳ፣ እኛም ከመራን በኋላ ያለቀ መስሎን ጭፈራ ስንጀምር። የናይጄሪያ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ያለ ጨዋታ ስለለመዱ ሲመሩም አልደነገጡም። እኛ ለ31 ዓመት ከመድረኩ ርቀን የከረምን ሰዎች ነን፤ መልመድ በአንድ ዓመት አይገኝም።

ስለ መዝገቡም አንድ ቃል እንጨምር። የዕድር ሰው ስለሆንን ይህ ነገር ይገባናል። በእኛ ቤት ጸሐፊው የአንድን አባል የሁለት ወር መዋጮ ሳይመዘግብ ቢቀር፣ ጉድለቱ የሚታወቀው ያ አባል ያዘነ ቀን ነው። ሁለት ቢጫ ካርድ በወረቀት ላይ ሳይታይ ቀርቶ 3 ነጥብ የተወሰደብንም እንደዚሁ ነው። ያ ጉድለት በናይጄሪያ አላሸነፈንም፤ ያን ማለት ሐሰት ይሆናል። ነገር ግን በእግር ኳስ ሰዎች የሚሸነፉት ሜዳ ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳያል። የሠለጠነ ጸሐፊ፣ የተስተካከለ መዝገብ፣ በሰዓቱ የሚጠይቅ ኮሚቴ፣ እነዚህም የቡድን አካል ናቸው። ጭብጨባ እነዚህን አይተካም።

ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም. ካላባር ላይ መልሱ ተደረገ። በሜዳችን ሁለት ስላገቡብን፣ ያች ለሱዳን ጊዜ የጠቀመችን ሕግ አሁን ወደ እነሱ ዞራ ነበር። ለማለፍ ቢያንስ ሁለት ጎል ያስፈልገን ነበር። አንድም ሳናገባ 2 ለ 0 ተሸነፍን፤ በድምሩ 4 ለ 1 ሆነ። ናይጄሪያም ብራዚል ሄደች። አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻውም ከጥቂት ወራት በኋላ ከኃላፊነታቸው ተነሡ። ያን የካላባር ጨዋታ በዕድሩ ድንኳን አላየነውም፤ በየቤታችን ሆነን አየነው። ስናልቅ ግን ማንም በማንም ደጅ አልጮኸም። ጧት ተገናኝተን «እንዴት አደራችሁ፣ በቃ ሆነ» ተባባልን። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ሁለት ውሳኔ ተላለፈ። አንደኛ፣ ያ የተሳደበው ልጅ በደንባችን መሠረት ቅጣቱን ከፈለ፤ ራሱ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። ሁለተኛ፣ ድንኳኑ ለጨዋታ ማሳያ ይዋል አይዋል የሚለው እንደገና ተነሥቶ «ይዋል» ተባለ። ይህን ሐሳብ ያቀረቡት ማን ናቸው ቢባል ጋሼ ናቸው። «ከተጣላችሁበት አብራችሁ እዩበት፤ ግን ሽንፈትም ቢመጣ ድንኳኑን አንድ ላይ ንቀሉት» አሉ። እሳቸው ዛሬ በሕይወት የሉም። በዚያው ድንኳን ተሸኝተዋል፤ የተሳደበውም ልጅ፣ ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፣ ከነቃዮቹና ከተካዮቹ ፊት ነበር።

ይህን ስንጽፍ አንድ ነገር ያሳዝነናል። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል። ከጋና ጋር ጆሃንስበርግ ላይ 1 ለ 1 ወጣን። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን፤ የሜዳ ጨዋታችን ሆኖ የተካሄደው ግን ማላዊ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. ያን ያህል ሕዝብ ያጨበጨበለት ድል ዛሬ ሲደገም ካታንጋ የለም፣ ሌሊት ሻይ የሚያመላልሱ እናቶች የሉም፣ የሚንቀጠቀጥ መሬት የለም። በቴሌቪዥን አይተን ተደሰትን፤ ደስታው ግን እንደ ሩቅ አገር ደብዳቤ ነበር።

ስለዚህ ለልጆቻችን የምንለው ይህን ነው። የጥቅምት 3ቱ ሽንፈት መራራ ነበር፤ ሆኖም የራሳችን ነበር። በሜዳችን ተሸነፍን፣ በድንኳናችን አዘንን፣ በሰፈራችን ተጣልተን በሰፈራችን ታረቅን። ለቅሶ እንኳ ቤት ይፈልጋል፤ ሰው በተከራየው ግቢ ተቀምጦ በደንብ አያለቅስም። ሜዳ ያለው ሕዝብ ዛሬ ቢሸነፍ ነገ ተመልሶ ይሰለፋል። ስታዲየም መገንባትና መጠበቅ፣ መዝገብ መያዝ፣ የተሳሳተን ልጅ አለማሳደድ፣ ከጨዋታው በፊት በግ አለማሠር፤ ከዚያ ቀን የተረፈን ትምህርት ይኸው ነው።

ለከርሞው መጽሔት በሰላምና በጤና ያድርሰን።